የታመመች እናትን ስለ መጠየቅ

ልጆች ሆይ፤ በቋንቋችን ሕመምተኛን ለማየት የሚሄድ ሰው «ጠያቂ» ይባላል። «ሊያያት ሄደ» ብንል ስሕተት አይሆንም፤ ነገር ግን አባቶቻችን አብልጠው የወደዱት ቃል «ሊጠይቃት ሄደ» የሚለውን ነው። የጠየቀ ሰው ደግሞ መልስ ይጠብቃል። «እንደ ምን አደርሽ? ተሻለሽ ወይ? ምን ላምጣልሽ?» ይላል፤ ከዚያም ዝም ብሎ ይሰማል። የራሱን ወሬ ብቻ አውርቶ የተነሣ ሰው መጣ ይባላል እንጂ ጠየቀ አይባልም።

ቀድሞ ሰው ሲታመም የሚተኛው በገዛ ቤቱ ነበር። መደቡ ከምድጃው አጠገብ ነውና ሕመምተኛዪቱ ተኝታ ሳለች የቡናው ሽታ ይደርሳታል፤ የልጆቿን ጠብና ሳቅ ትሰማለች። ጎረቤት እሳት ሊጭር ሲገባ «እግዚአብሔር ይማርሽ» ይላታል፤ እርስዋም «አሜን» ትላለች። ቀኑ ምን እንደ ሆነ፥ ላሚቱ እንደ ወለደች፥ ዝናብ እንደ ዘገየ ሁሉንም ታውቃለች።

በ1888 ዓ.ም. ከዐድዋ ጦርነት በኋላ የመስኮብ ቀይ መስቀል ሐኪሞች በአዲስ አበባ ቍስለኞችን ማከም ጀመሩ። በ1902 ዓ.ም. ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ቤቶች እየበዙ ሄዱ፤ በቤት ቢተኙ ይሞቱ የነበሩ ብዙ ሰዎችም ዳኑ። ይሁን እንጂ ሐኪም ቤት በር አለው፥ ዘበኛ አለው፥ የመጠየቂያ ሰዓት አለው። በዚያ የተኛች እናት ከምድጃዋ ርቃለች፤ ከግራና ከቀኝዋ ያሉትም የማታውቃቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ቤቷ ወደ እርስዋ መሄድ አለበት።

ላምበረት ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ ሰፈር ነው። መንገዱ በለገጣፎ፥ በሰንዳፋና በሸኖ አልፎ አንድ መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወዳለው ወደ ደብረ ብርሃን ይሄዳል። በላምበረት መናኸሪያ ጧት ከአውቶቡስ ከሚወርዱት መካከል ገበያተኛ ይገኛል፥ ተማሪም ይገኛል። ምሳ ዕቃ በጨርቅ ቋጥሮ፥ ፔርሙስ በብብቱ ይዞ፥ ግራ ተጋብቶ የሚቆም ሰውም ይታያል። እርሱ ገበያተኛ አይደለም። ወደ ሐኪም ቤት የሚሄደውን ታክሲ የሚፈልግ ጠያቂ ነው።

እስቲ ከሸኖ አጠገብ ካለች መንደር የመጣች አንዲት እናት እናስብ። ይህች ሴት ደም ብዛት ነበረባት፤ ነገር ግን ደም ብዛት ብዙ ጊዜ ሳያሳምም ይኖራልና አታውቀውም ነበር። አንድ ቀን ጧት እንጀራ ስትጋግር አክንባሎው ከቀኝ እጇ ወደቀ። አፏ ወደ አንድ ወገን ተጣመመ፤ ልትናገር ብትሞክርም ቃል አልወጣ አላት። ጎረቤቶቿ «ምች መታት» ብለው ዳማከሴ ለመጭመቅ ተሯሯጡ። ዳማከሴ መልካም መዓዛ ያለው ቅጠል ነው፤ እኔም አልንቀውም፤ ለዚህ ግን አይሆንም። ይህ በሽታ ስትሮክ ይባላል። ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈስ ይመጣል። የአንጎል ግራ ወገን ሲጎዳ የሰውነት ቀኝ ወገን ይዝላል፤ ብዙ ጊዜም ንግግር አብሮ ይታሰራል። የአንዲት ሰዓት መዘግየት እንኳ ጉዳቱን ያበዛዋልና ታላቁ ልጇ መኪና ፈልጎ ይዟት ወደ አዲስ አበባ ሮጠ።

በመጀመሪያው እሑድ ዐሥራ አራት ሰዎች ሊጠይቋት መጡ። አልጋዋን ከበው ቆሙ። አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ተከተለው። አንዲት አክስት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ገባች፤ ይህም የለቅሶ አለባበስ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ሕመምተኛዪቱ መናገር ባትችልም ማየት ትችላለችና ነጠላውን ባየች ጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሰኞ ማንም አልመጣም። ማክሰኞም አልመጣም። እስከ ቅዳሜ ድረስ አንድም ሰው አልመጣም። እርስዋም ማንኪያው ወደ አፏ ሲቀርብ ከንፈሯን ትገጥም ጀመር።

ነርሷ ታላቁን ልጅ ጠርታ «ወንድሜ፤ እሑድ የመጡትን ሰዎች በሳምንቱ ቀኖች አካፍሏቸው። ዐሥራ አራት ሰው ባንድ ቀን ከሚመጣ በየቀኑ አንድ አንድ ሰው ቢመጣ ለእናትህ ይሻላታል» አለችው።

እርሱም «ሲስተር፤ እውነትሽን ነው። ነገር ግን ጤፉ ደርሷል፤ የአውቶቡሱም ዋጋ አለ። ምን ላድርግ?» ብሎ መለሰላት።

ይህ ምክንያት የስንፍና አይደለም፤ በኅዳር ወር ያልታጨደ ጤፍ ይረግፋልና። እናትን መጠየቅ ያለ ዋጋ የሚደረግ ነገር አድርገው የሚያወሩ ሰዎች ገበሬን አላዩም። የመንደሩ ሰዎች ግን ይህን በሰሙ ጊዜ ደቦ ወጥተው ጤፉን ባንድ ቀን አጨዱለት። የእድሩ ሰዎች ለመሳፈሪያ የሚሆን ገንዘብ አዋጡ። ታናሺቱ ልጅ አስታማሚ ሆና በከተማ ዘመድ ቤት ተቀመጠች፤ የቀሩት ተራ ገቡ።

አስታማሚዪቱ በመጀመሪያ የተማረችው ነገር ስለ መብላት ነበር። ስትሮክ የመታው ሰው መዋጥ ሊያቅተው ይችላል፤ ውሃና ሌላም ቀጭን መጠጥ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ነርሷን ሳይጠይቁ ምንም ማጉረስ አይገባም። ከተፈቀደ በኋላም ሕመምተኛዪቱን ቀና አድርጎ አስቀምጦ በጥቂት በጥቂቱ መስጠት ያሻል። ለዚያች እናት ወፈር ያለ የአጃ አጥሚት ተፈቀደላት፤ ጨው ግን ለደም ብዛት ጠንቅ ነውና ተከለከለ። ከቤት የመጣውን አጥሚት ሽታ ባወቀችው ጊዜ አፏን ከፈተች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ በከተማችን ጠያቂ ሁሉ ብርቱካንና ለስላሳ ተሸክሞ ይመጣል። ስኳር በሽታ ላለባት ሴት ለስላሳ መጠጥ ማምጣት ደግነት አይደለም። ብርቱካኑም ብዙ ጊዜ በአልጋው አጠገብ ተከምሮ ይሻግታል።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ሰውነት ነበር። መገላበጥ የማይችል ሰው ባንድ ጎን ብዙ ከተኛ ቆዳው ይቈስላል፤ ስለዚህ በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን ይለውጡታል። የዛለው እጅም ሥራ ይፈልጋል። አንጎል የተጎዳበትን ሥራ በሌላ ወገን እንደ ገና ይማረዋልና፥ እንደ ተማሪ እየደጋገመ ያጠናል። ልጅቱ ከባለሙያው ጠይቃ አንድ እፍኝ ምስር በሳሕን አቀረበችላት። እናቲቱ ዕድሜዋን ሙሉ ምስር ስትለቅም የኖረች ሴት ነበረች፤ በዛለው እጇ አንዲት ጠጠር ለማንሣት ብዙ ጊዜ ደከመች። በማግስቱም ሳሕኑ ቀረበላት። ባዶ ሲኒ እንድትይዝ ሰጧት፤ ወደቀ፤ ደግመው ሰጧት።

ሦስተኛው ስለ ንግግር ነው፤ ይህም ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ታላቁ ልጅ እናቱ ቃል ስታጣ ባየ ጊዜ ስለሚያዝን ፈጥኖ ስለ እርስዋ ይናገር ነበር። ነርሷ «እማዬ እናንተን ትሰማለች፤ የምትለውን ታውቃለች፤ ቃሉ ብቻ ነው የጠፋባት። ፈልጋ እስክታገኘው ጠብቃት» አለችው። ልጆች ሆይ፤ እናንተም በንባብ ሰዓት አንድ ቃል ከብዷችሁ ሳለ ጎረቤታችሁ ቀድሞ ሲናገርባችሁ ምን እንደሚሰማችሁ ታውቃላችሁ። ደግሞም የሚያስደንቅ ነገር አለ፤ በስትሮክ ንግግሩ የታሰረበት ሰው የልጁን ስም መጥራት ሲያቅተው፥ አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት ብሎ መቍጠር፥ ወይም ከሕፃንነቱ ጀምሮ በቃሉ የያዘውን ጸሎት ከሌላ ሰው ጋር አብሮ መድገም ይችል ይሆናል። በልምድ የተቀረጸ ነገር በሌላ መንገድ ይወጣልና። ልጅቱ ይህን በሰማች ጊዜ ማታ ማታ አቡነ ዘበሰማያትን ቀስ ብላ ትደግም ጀመር። በአራተኛው ማታ እናቲቱ ከመካከል ገብታ ተከተለቻት። ልጅቱ ግን ድምፅዋን ሳትለውጥ፥ እንባዋንም ሳታሳይ እስከ መጨረሻው አደረሰችው።

ሰው ለመጠየቅ ሲሄድ ምን መናገር ይገባዋል? በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ቍስለኞችን ያስታመመች ፍሎረንስ ናይቲንጌል የምትባል እንግሊዛዊት፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1859 ዓ.ም. ስለ ማስታመም መጽሐፍ ጽፋ ነበር። በመጽሐፏ ካሉት ምዕራፎች አንዱ፥ ጠያቂዎች ያለ ዕውቀት የሚሰጡትን ተስፋና ምክር የሚነቅፍ ነው። «ምንም አልሆንሽም፤ ነገ ትነሻለሽ» ማለት ለሕመምተኛ እረፍት አይሰጥም፤ እርስዋ ሕመሟን ታውቀዋለችና። «እገሌም እንዳንቺ ሆኖ ነበር፤ ሞተ» የሚለው ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ይልቅ በቤት የሆነውን መንገር መልካም ነው። ዶሮዋ ስንት ጫጩት እንደ ፈለፈለች፥ ጤፉ ስንት ኩንታል እንደ ወጣው ንገሯት። ዛሬ ምን ቀን እንደ ሆነም ንገሯት፤ በተለይ ያረጁ ሰዎች በሐኪም ቤት ሲቈዩ ቀኑንና ስፍራውን ሊስቱ ይችላሉ፤ የሚያውቁት ፊትና የሚያውቁት ድምፅ ልባቸውን ይመልስላቸዋል። ስትገቡም ስትወጡም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ጉንፋን ከያዛችሁ በዚያ ቀን ቅሩ።

መቅረት የግድ የሆነበት ዘመንም ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። ከላምበረት ወደ ላይ፥ በኮተቤ የሚገኘው የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የዚህ በሽታ ሕሙማን የሚታከሙበት የመጀመሪያው ስፍራ ሆነ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ ይተላለፋልና ጠያቂ መግባት አልተፈቀደለትም። ቤተ ሰብ የሕመምተኛውን ድምፅ የሚሰማው በስልክ ነበር። በዚያ ጊዜ ሐኪሞቹና ነርሶቹ ፊታቸውን ሸፍነው ይገቡ ስለ ነበረ፥ ሕመምተኛው የሚያየው ዓይናቸውን ብቻ ነበር። ብዙ ሰው የጠያቂን ዋጋ ያወቀው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ የሚገባባት የሌላት እናት ደግሞ አለች። ከላምበረት ወደ ምሥራቅ ርቆ፥ በአያት ሰፈር፥ ብንያም በለጠ ያቋቋመው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ይገኛል። በዚያ ከመንገድ ላይ የተነሡ፥ ጧሪ ያጡ አረጋውያን ይኖራሉ። የከተማው ሰዎች ልደታቸውን፥ ሠርጋቸውንና በዓላቸውን ከእነርሱ ጋር ለማክበር ምግብ ይዘው ይሄዳሉ። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን በበዓል ቀን ብዙ ጠያቂ ይመጣል፤ እኔ ብመረጥ ተራውን ማክሰኞ እመርጣለሁ።

የሸኖዪቱ እናት በከዘራ ተደግፋ መሄድ በጀመረች ጊዜ ወደ ቤቷ እንድትሄድ ተፈቀደላት። ቀኝ እጇ እንደ ድሮው አልሆነም፤ እንጀራውን የምትጋግረው ልጅቱ ናት። ንግግሯም ዝግ ያለ ነው። ሐኪሙ የደም ብዛት ኪኒን በየቀኑ እንድትውጥ፥ ቢሻላትም እንዳትተው አዘዘ፤ ኪኒኑን የሚተዉ ሰዎች ዳግመኛ በዚሁ በሽታ ሊመቱ ይችላሉና። በቤቱ ካሉት ማንበብ የሚያውቀው በሁለተኛ ክፍል የሚማረው የልጅ ልጇ ብቻ ነው። እርሱም በኪኒኑ ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን ያነብላታል፤ የቀጠሮውን ቀን በከሰል በምሰሶው ላይ ጽፎ በየማታው አንድ ሰረዝ ይሰርዛል። ስምንት ሰረዝ ሲቀር ለአያቱ ይነግራታል፤ እርስዋም ለላምበረቱ አውቶቡስ ገንዘብ እንዲቈጠር በግራ እጇ ወደ ሙዳዩ ታመለክታለች።