ቅሬ ለሞት ብቻ ነውን?

በከሚሴ አንድ ጡረተኛ መምህርና አንድ ወጣት ነርስ ያደረጉት ምልልስ

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ የዲዩቲ ክፍያ ቢጠራቀምብን የጤና ጣቢያው ሠራተኞች ተሰብስበን አቤቱታ ፈረምን። «በቡድን አይሆንም፤ እያንዳንድህ በግልህ አመልክት» ተባልን።

አዛውንቱ፦ ያቺ ቃል ዛሬም አለች? ቁጭ በል ልጄ። ገና ጀማሪ መምህር ሳለሁ ደመወዝ ሁለት ወር ቢዘገይብን፣ አሥራ ሰባት ሆነን አቤቱታ ጻፍን። ከላይ ወደ ታች ብንፈርም የመጀመሪያው ሰው «አድመኛ» መባሉ ስለማይቀር፣ እንደ ምጣድ ዙሪያውን ፈረምን፤ ራስና ጅራቱ እንዳይታወቅ። ኃላፊው ወረቀቱን አዟዟረው፣ ደግሞ አዟዟረው። ከዚያ «መጀመሪያ የፈረመው ማነው?» አለ። ወላሂ፣ ስለ ደመወዙ አንድ ቃል አልተነፈሰም! ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተና አንድ በአንድ እየጠራ መረመረን። አሥራ ሰባት ሆነን የገባን፣ አንድ አንድ ሆነን ወጣን። ደመወዙ ኋላ ተከፈለ፤ ያቺ መሳቢያ ግን እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

ወጣቱ፦ ሕጉስ ምን ይላል?

አዛውንቱ፦ የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 አንብብ። የፋብሪካና የአገልግሎት ሠራተኛውን፣ ገበሬውን ይዘረዝርና፣ የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውን፣ ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉትን የመንግሥት ሠራተኞችም ይጨምራል። መደራጀትና ከአሠሪ ጋር በኅብረት መደራደር መብታቸው ነው። የትኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች እንደሆኑ ግን «በሕግ ይወሰናል» ብሎ ያሳድረዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን ከሽፋኑ ያወጣል። ስለዚህ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ ማኅበር አቋቁሞ የኅብረት ስምምነት ይዋዋላል፤ እሱ ሲታመም የምታክመው አንተ ግን ብቻህን ታመለክታለህ። አገራችን የዓለም ሥራ ድርጅትን 87ኛና 98ኛ ስምምነቶች ያጸደቀችው በ1955 ነው። 98ኛው የሚተወው የመንግሥትን አስተዳደር የሚያካሂዱትን ነው። መርፌ የሚወጋና ጠመኔ የሚይዝ ምን ያስተዳድራል?

ወጣቱ፦ እናንተስ መምህራን ማኅበር አላችሁ አይደል?

አዛውንቱ፦ ከ1941 ጀምሮ። በየካቲት 1966 መምህሩ አድማ መታ፣ በዚያው ወር መጨረሻ ሠራተኛው ተከተለ፤ ደርግ መጣ ሄደ፣ ኢሕአዴግ መጣ ሄደ። ማኅበር መኖርና በማኅበር መደራደር ለየቅል ናቸው። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ሥራ ሲያቆሙ ታስረው የሰነበቱም ነበሩ። የሚደራደሩበት ጠረጴዛ ቢኖር ኖሮ ነገሩ እዚያ ባልደረሰ።

ወጣቱ፦ ይህ የአዲስ አበባ ጉዳይ አይደለም? የእኛ ዞን ምን ሊያደርግ ይችላል?

አዛውንቱ፦ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የዚያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 52 የክልሉን መንግሥት ሠራተኞች አስተዳደርና የሥራ ሁኔታ ሕግ የሚያወጣው ራሱ ክልሉ ነው ይላል። ስለዚህ የባሕር ዳሩ የክልል ምክር ቤት እጁ አልታሰረም። ዞናችንም የራሱ የብሔረሰብ ምክር ቤት አለው፤ ጥያቄውን በአጀንዳ ይዞ ወደ ክልል ይግፋው። አዋጅ እስኪወጣ ደግሞ የባቲው፣ የአርጡማ ፉርሲው፣ የጅሌ ጥሙጋው ወረዳ አስተዳዳሪ በየሦስት ወሩ የሠራተኛ ተወካዮችን ቢያነጋግር ማን ይከለክለዋል? የተወያዩበትን በቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ «ይህን በዚህ ቀን እንፈጽማለን» ብሎ ይፈርም። ያልተከፈለ ሠራተኛ ሲኮበልል የሚጎዳው ወረዳው ነው፤ ክፍሉ ያለ መምህር፣ ማዋለጃው ያለ አዋላጅ ይቀራል።

መንደራችንን ተመልከት። ሰው ሲሞት ቅሬው፣ ማለት ዕድራችን፣ ይጠራል፤ አንዱ መቃብር ይቆፍራል፣ ሌላው ድንኳን ይተክላል። ለሐዘንተኛ «በግልህ ቅበር» ያለ ሹም አይቼ አላውቅም። በሕይወት ያለ ሰው ስለ እንጀራው ተሰብስቦ ሲመጣ ነው «በግልህ» የሚባለው!

ወጣቱ፦ ታዲያ ወረቀታችንን ምን እናድርገው?

አዛውንቱ፦ እንደገና ጻፉት። እኛ ፈርተን በክብ ፈረምን። እናንተ ከላይ ወደ ታች፣ ስምና የሥራ መደብ እየጠቀሳችሁ ፈርሙ። ወደ ምክር ቤቱም አንድ ግልባጭ አስገቡ፤ መሳቢያ ውስጥ ብቻ እንዳይቀር።