ለሁለት አዳር ጅግጅጋ

ልጄ፣ «ለሁለት አዳር ልመጣ ነው፤ ምን ልይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ጅግጅጋ ሐውልት እየቆጠሩ የሚዞሩባት ከተማ አይደለችም። አመጣጥህንና ሰዓትህን ካሳመርህ ግን ሁለቱ ቀን ይበቃሃል። የማውቀውን በተራ ልንገርህ።

1. በመሬት ና፣ በአየር ተመለስ። ከቦሌ ጅግጅጋ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ከምናምን ነው፤ ታዲያ እንዲያ ከመጣህ አገሩን ሳታይ ከተማው ውስጥ ዱብ አልህ ማለት ነው። ድሬዳዋ ውረድና በሐረር በኩል በመኪና ና፤ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመንገዱን ሁኔታ ቀድመህ ሾፌሮችን ጠይቅ፣ በጠዋት ተነሣ፣ ሳይመሽ ግባ። ሐረር ስትደርስ «ጀጎልን ለአንድ ሰዓት ልይ» እንዳትል። ጀጎል ለብቻው ጉዞ ይፈልጋል። ባቢሌ ላይ ግን ወርደህ ለውዝ ግዛ። ዝሆኖቹን እርሳቸው፤ መጠለያው ቢኖርም ዝሆን አስፋልት ዳር ቆሞ እንግዳ አይቀበልም።

ከባቢሌ አለፍ ስትል የዳካታ ሸለቆ ይመጣል። መስኮት ዳር ተቀመጥ የምልህ ለዚህ ነው። ቤት የሚያህለው ድንጋይ በቀጭን ድንጋይ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ አሁን ወደቀ አሁን ወደቀ ያሰኛል። ከዚያ መንገዱ ካራማራን እየተጠማዘዘ ይወጣል። አፋፉን ስትሻገር ተራራው በአንድ ጊዜ ያልቅና የጅግጅጋ ሜዳ ዓይንህ እስከደረሰበት ይዘረጋል። በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው ይህ ነው የሚቀርበት።

2. ካራማራን ስታነሣ ቀስ በል። የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር በ1970 ዓ.ም. መስከረም መግቢያ ላይ ጅግጅጋን ያዘ፤ የካቲት 26 ቀን የእኛ ጦር ከኩባውያን ጋር ሆኖ ካራማራ ላይ ድል አድርጎ አስለቀቃት። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለው የትግላችን ሐውልት የዚሁ ጦርነት መታሰቢያ ነው። አንተ የምታውቀው በየዓመቱ የሚከበረውን ድል ነው። እዚህ ያለ ሽማግሌ የሚያስታውሰው ግን በደጃፉ ያለፈውን ጦርነት ነው፤ ተሰድዶ የተመለሰ አለ፣ ልጁን የቀበረ አለ። «ያኔ ከማን ጋር ነበራችሁ?» የሚል ጥያቄ ከአፍህ አይውጣ። ራሳቸው ካነሡት ደግሞ ስልክህን አስቀምጠህ አድምጥ። ወታደርና ኬላ ፎቶ አይነሣም፤ ይህንን ሁለቴ አልነግርህም።

3. በከተማዋ ሰዓት ኑር። ገበያውን በጠዋት ጨርስ። ቀትር ላይ የአወዳይ ጫት ይገባል፤ ከዚያ እስከ አሥር ሰዓት ግድም ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል። ብዙ እንግዳ በዚህ ሰዓት ወጥቶ «ምን ዓይነት የሞተ ከተማ ነው» ይላል። ተኛ፣ አቦ! ፀሐይ ስትበርድ ውጣ፤ ያኔ ሻይ ቤቱ ወንበሩን ወደ መንገድ ያወጣል፣ ባጃጁ ይተራመሳል፣ ሰው ሁሉ ደጅ ነው። የጁምዓ ቀትር ላይ ምንም ቀጠሮ አትያዝ። በረመዳን ከሆነ የምትመጣው ቀኑን ሙሉ ምሳ ፍለጋ መዞር ትርፉ ድካም ነው፤ ምሽቱ ግን ከሌላው ወር ሁሉ ይደምቃል።

4. ለምግብ ሰስታም አትሁን። ቁርስ ላሆህ የሚሉትን ስስ እንጀራ ከሻሂ ጋር ወይም ጉበት በል። ምሳ ሩዝ በፍየል ሥጋ ነው፤ አጠገቡ ሙዝ ይቀመጥልሃል። ለማጣጣሚያ ብለህ እንዳታቆየው፣ ከሩዙ ጋር ነው የሚበላው። በስባስ የሚሉትን አረንጓዴ የቃሪያ ዳጣ በጣትህ ጫፍ ቅመሰው፤ ያቃጥላል። የግመል ወተት ሲቀርብልህ የጭስ ሽታ ይሸትሃል፤ ዕቃው በጭስ ስለታጠነ ነው፣ እናትህ የወተቱን ቅል በወይራ እንደምታጥነው። ላልለመደ ሆድ ስለሚያስቸግር ግማሽ ብርጭቆ ይበቃሃል። ሄልና ቅርንፉድ ገብቶበት የፈላውን ሻሂ ግን አትቁጠር።

ስትመለስ የምትሳፈርበት አውሮፕላን ማረፊያ በድሮው የሶማሌ ገዢ በጋራድ ዊልዋል ስም ነው የተጠራው። ሶማሌዎች ስለ እሱ የሚያወሩት ብዙ ነው። አንድ ቀን «ሰውን ከሰው የሚያፋቅረውን ወይም የሚያጣላውን የበግ ብልት አምጡልኝ» ብሎ አዘዘ ይላሉ። ሀብታሞቹ ጎድንና ታፋ ይዘው መጡ። የአንድ ድሃ ልጅ ግን አባቷን የበጉን ጉሮሮ አስይዛ ላከችው፤ ዊልዋልም የፈለገው ያንኑ ነበር፤ ሰው የሚፋቀረውም የሚጣላውም በጉሮሮው ነውና። እና ጋባዥህ ሲያጎርስህ እምቢ አትበል፤ ሂሳቡንም አትሻማው፤ ሻሂውን በማግሥቱ አንተ ጋብዝ።

5. ልብስ። ረጅም ሱሪ። እህትህ አብራህ ከመጣች ሰፊ ቀሚስና ሻርፕ ትያዝ። ከተማዋ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሶማሌ ክልል ሁሉ በረሃ መስሎህ ያለ ሹራብ እንዳትመጣ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል።

6. በእግርህ ዙር። መሐል ከተማው በቀጥታ መስመር የተቀየሰ ስለሆነ አትጠፋም። ያስቀየሱት የመጀመሪያውን የአማርኛ ቲያትር የጻፉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ ጅግጅጋን በገዙበት ጊዜ ነው። ይህን ለከተማው ልጆች ብትነግራቸው የሚያውቀው ጥቂቱ ነው። ባጃጅ ከያዝህ ዋጋውን ሳትሳፈር ተነጋገር።

7. ቶጎ ውጫሌን ለሌላ ጊዜ አቆየው። ድንበር ነው፤ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ያንኑ ያህል መመለስ፣ ኬላውም አለ፣ ቀንህን ይበላዋል። ኤሌክትሮኒክስ በርካሽ አገኘሁ ብለህም አትጓጓ፤ ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ጉምሩክ ፊት ያቆምሃል። ለእናትህ ኡንሲ የሚሉትን የሶማሌ ዕጣን ግዛላት፣ ያውም ከሚሸጡት ሴቶች፤ ከመግዛትህ በፊት አጭሰው ያሸትቱሃል። ስኳርና ሽቶ ስላለው ሙቀት ያቀልጠዋል፤ ክዳኑን አጥብቀህ ለብቻው በላስቲክ ቋጥረው፣ አለዚያ ሸሚዝህ ሁሉ ይጣበቃል።