የሽመል ቡቃያ

ከአሶሳ በስተሰሜን ሆሞሻ የሚባል አገር አለ። በዚያ የሚኖሩት የበርታ ሰዎች ማሽላ ያርሳሉ፤ የማሽላም ገንፎ ይበላሉ። ምድሩ ሽመል የሚባለውን የቆላ ቀርከሃ ያበቅላል። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ነው፤ ሽመል ግን ድፍን ስለ ሆነ ጽኑ ነው። ቤቱም አጥሩም በእርሱ ይሠራል።

ክረምት ገብቶ ዝናም ምድሩን ሲያርሰው ከሽመሉ ሥር ለጋ ቡቃያ ብቅ ይላል። እናቶች ይህን ቈርጠው ይልጡታል፥ ይከትፉታልም። ከዚያ በኋላ በሦስት ጉልቻ ላይ ጥደው ይቀቅሉታል።

አንድ ቀን ከደጋ የመጣ ተማሪ ከሆሞሻ ባልንጀራው ጋራ ወደ ቤቱ ሄደ። የባልንጀራው እናት ቡቃያ ስትከትፍ ባየ ጊዜ፥ «እናንተ እንጨት ትበላላችሁን?» ብሎ ሳቀ። ባልንጀራውም አፍሮ ዐንገቱን ደፋ። ደጋውም ልጅ ከጥሬው ጥቂት አንሥቶ ቢቀምሰው እጅግ መረረውና ተፋው።

እናቲቱም ሳትቈጣ፥ «ልጄ፥ መትፋትህ ደግ ነው፤ ጥሬው ይጐዳል። መራራውን የሚያወጣው እሳትና ትዕግሥት ነው» አለችው። ቡቃያውንም ቀቅላ የመጀመሪያውን ውሃ ደፋች፤ ሌላ ውሃም ጨምራ ደግማ ቀቀለችው። ወጥ ሠርታም ከገንፎ ጋራ አቀረበችለት። እርሱ ግን ኰርቶ ሳይበላ ሄደ።

በማግሥቱ መምህሩ ይህን ሰምቶ የዓለምን ካርታ ዘረጋና እንዲህ አለ፦ «ጥሬ የቀርከሃ ቡቃያ ሳያናይድ የሚባለውን መርዝ የሚያወጣ ነገር አለበት፤ በደንብ ሲቀቀል ግን መርዙ ይጠፋል። ስለዚህ በቻይና ቀቅለው ይበሉታል። በጃፓን የሩዝ ፉርሽካ ጨምረው ይቀቅሉታል። በሕንድ ምሥራቅ፥ በናጋላንድና በማኒፑር፥ አብኩተው ያኖሩታል። በደቡብ አሜሪካም ካሳቫ የሚባለውን መራራ ሥር ፍቀውና ጨምቀው ያበስሉታል። ከሆሞሻ ወደ ጃፓን መልእክተኛ የላከ ማን ነው? ምሬቱ አንድ ስለ ሆነ የእናቶች ጥበብ በየአገሩ አንድ መንገድ አገኘ። እንግዲህ በአንዲት እናት ድስት የሳቀ ሰው በስንት አገር እናቶች ሳቀ?»

ልጁም አፈረ። ማታ ወደዚያች ቤት ሄዶ፥ «እናቴ፥ ይቅር በይኝ» አለ። እርስዋም ገንፎውንና ወጡን አቀረበችለት፤ ባልንጀራውም ከአጠገቡ ተቀምጦ ከአንድ ገበታ በሉ።

ያልቀመሱትን ምግብ መናቅ ያላወቁትን ሰው መናቅ ነው። ጥበብ በፊደል ብቻ አትገኝም፤ በጉልቻም ዳር ትገኛለች።

ጥያቄ።
፩ኛ፤ የሽመል ቡቃያ ጥሬውን የማይበላው ስለ ምን ነው?
፪ኛ፤ በጃፓን ቡቃያውን እንዴት ይቀቅሉታል?
፫ኛ፤ ልጁ ይቅርታ የጠየቀው ስለ ምን ነው?