ፍሪሲዮን «አልለቅም» ሲል

ከአዘዞ ሽቅብ ወደ ፒያሳና አራዳ የሚመላለሰውን ባጃጅ የማያውቅ ሠልጣኝ በመካከላችን የለም። አያቱን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? እ.ኤ.አ. በ1946 ጣሊያን ውስጥ የተሠራችው ቬስፓ ናት። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ በ1960ዎቹ ቬስፓን በፈቃድ ይሠራ ነበር፤ በግራ እጅ ፍሪሲዮን ጨብጦ፣ ያንኑ መያዣ አዙሮ ማርሽ መለወጥ ከዚያ የመጣ ነው።

በቬስፓ ፍሪሲዮን ውስጥ ቡሽ የለበሱ ሸራዎችና ልሙጥ ብረቶች ተፈራርቀው ዘይት ውስጥ ይቀመጣሉ። ሞላ ያጣብቃቸዋል፤ ስንጨብጥ ይላቀቃሉ። በደንብ ካልተላቀቁ ተጨብጦም ቬስፓዋ ትንፏቀቃለች፤ አንደኛ ማርሽ ሲገባ ወይ ትስፈነጠራለች ወይ ትጠፋለች። ታዲያ ከፊት ለፊት ሕፃን እያቋረጠ ቢሆንስ?

ይህን ከመንሸራተት እንለየው። ሞተሩ እየጮኸ ጉልበት ካጣ ሸራው እየተንሸራተተ ነው፤ የዚያ መድኃኒት የዚህ ተቃራኒ ነው።

ለመፈተሽ ሞተሩን አጥፍተን፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተን፣ ፍሪሲዮኑን ጨብጠን እንግፋ። እምቢ ካለች ብዙ ሰው ወዲያው «ሸራ ይቀየር!» ይላል። እኛ አንስማማም። ከሁሉ በፊት ገመዱ ይታይ፤ ወጪ የለውም። መጨበጫው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ ጨዋታ ይበቃዋል። ከላላ ጭብጡ በከንቱ ያልቃል፣ ሸራው አይለቅም። ከመጠን በላይ ከተወጠረ ደግሞ ይንሸራተትና ይቃጠላል። የገመዱ ክሮች ተበጣጥሰው እንደሆነም ጫፉን እንመልከት።

ቀጥሎ ዘይት። ለብዙዎቹ አሮጌ ቬስፓዎች ካምቢዮ 30 ቁጥር ዘይት ሩብ ሊትር ይበቃል። ወፍራም የመኪና ካምቢዮ ዘይት ሸራውን እንደ ሙጫ ያጣብቀዋል፤ በደባርቅ ብርድማ አይጣል ነው! (ለባጃጅ የራሱ መመሪያ ይነበብ።) ጠዋት ብቻ ተጣብቃ ሲሞቃት የምትለቅ ከሆነች ብዙ አያሳስብም፤ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ማርሽ ውስጥ እንዳለች ጨብጦ ወደፊትና ወደኋላ መነቅነቅ ነው።

ይህ ሁሉ ካልረዳ ይከፈት። ብረቶቹን መስታወት ላይ አጋድመን ብርሃን በሥራቸው ካሳየ ጠመዋል፤ ይለወጡ። ሸራዎቹን የያዘው ጎድጓዳ ብረት ጠርዙ ተቦርቡሮ ከሆነ ጥርሳቸው እዚያ ስለሚያዝ በሞረድ በስሱ ይስተካከል፤ ጥልቅ ከሆነ ግን ሞረድ አያድነውም። አዲስ የቡሽ ሸራ ከተገዛም ከመገጠሙ በፊት ዘይት ውስጥ ይደር።