የእግር መንገዱን ለማደስ ከመወሰንዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ፦ ከዳሞታ ተራራ እስከ አባያ ዳርቻ

ወላይታ ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ርዕሰ ከተማ ናት። እንግዳው በዝቷል፤ የኮሪደር ልማቱም ከአዲስ አበባ ወደ ክልል ከተሞች ወርዷል። ታዲያ በቀበሌ ስብሰባም፣ በወጣት ማኅበርም፣ ውጭ አገር ባሉ ተወላጆች ዘንድም አንድ ሐሳብ ደጋግሞ ይነሣል፦ ወደ ዳሞታ የሚያወጣውን የእግር መንገድ እናድስ፤ በአባያ ዳርም መናፈሻ መንገድ እናውጣ። ሐሳቡ መልካም ነው። ገንዘቡ ከመዋጣቱና ድንጋዩ ከመጫኑ በፊት ግን መልስ የሚሹ ጥያቄዎች አሉ። ኮሚቴ ውስጥ ካሉ፣ ገንዘብ ሊለግሱ ካሰቡ ወይም ፕሮጀክቱን እንዲያጸድቁ ወረቀቱ ጠረጴዛዎ ላይ ከደረሰ፣ እነዚህን አንድ በአንድ ይጠይቁ።

1. ዛሬ በመንገዱ የሚሄደው ማን ነው?

ዕቅዱ ስለ ቱሪስት ሊያወራ ይችላል። መንገዱ ግን ባዶ አይደለም። አንድ የገበያ ቀንና አንድ የትምህርት ቀን መርጠው ከንጋት ጀምሮ ዳር ላይ ይቀመጡና ይቁጠሩ፦ ተማሪ፣ ሣርና እንጨት የተሸከሙ ሴቶች፣ ጭነት የያዘ አህያ፣ ሞተር ሳይክል። የማገዶ ሸክም በጀርባዋ አድርጋ የምትወርድ ሴት ከራሷ ትከሻ የሰፋ መንገድ ትፈልጋለች፤ ሁለት ሸክም ሲገናኝ ደግሞ አንዷ ቆማ የምታሳልፍበት ቦታ ያስፈልጋል። አህያ ከፍ ያለ ደረጃ ሲያጋጥመው ከደረጃው ጎን ባለው አፈር ላይ ይሄዳል። በአንድ ክረምት ያ የአህያ ዱካ ይቦረቦራል፤ በቀጣዩ የደረጃው ጠርዝ ይናዳል። ስለዚህ ደረጃ የሚሠራ ከሆነ እንስሳ የሚያልፍበት ተዳፋት ከጎኑ በዕቅዱ ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ። ለየዕለቱ ተጓዥ የሚመች መንገድ ለጎብኚም ይመቻል፤ ለጎብኚ ብቻ የተሠራ ግን ጎብኚ በማይመጣባቸው ወራት አስታዋሽ አያገኝም።

2. መንገዱን ያበላሸው ምንድን ነው?

ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን መልሱ ውኃ ነው። የእግር ዱካ ብዙውን ጊዜ ቁልቁለቱን ቀጥ ብሎ ይወርዳል። እግር ሣሩን ይጨርሳል፣ ዝናብ ቀዩን አፈር ይጠርጋል፣ ዱካው ቦይ ይሆናል። ቦዩ ሲጨቀይ ሰው ጎን ለጎን ሌላ ዱካ ያወጣል፤ እሱም ሲቦረቦር ሦስተኛ ይከተላል። ተራራው ወገብ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ጎን ለጎን የተደረደሩ ዱካዎች ካዩ፣ ታሪኩ ይኸው ነው።

የጥናት ሰነድ ከማንበብዎ በፊት ጃንጥላ ይዘው በዝናብ ሰዓት መንገዱ ላይ ይቁሙ። ውኃው ከየት እንደሚገባ ይዩ፦ ከእርከን ጫፍ ነው? ከመኪና መንገድ ቱቦ ነው? ከቆርቆሮ ጣሪያ ነው? መግቢያው ሳይዘጋ ወይም አቅጣጫው ሳይቀየር ድንጋይ ቢነጠፍ ውኃው ከሥር አፈሩን እየበላ ንጣፉን ያንሳፍፈዋል። የውኃውን ምንጭ ያልለየ ዕቅድ ከቀረበልዎ ይመልሱት።

3. ዳገቱ ስንት ነው?

ይህን ለመለካት መሐንዲስ አያስፈልግም። የእርከን ሥራ ላይ የሚውለው ገመድና ውኃ ልክ ይበቃል። ሁለት ሰዎች 10 ሜትር ተራርቀው ገመዱን ይወጥራሉ፤ ውኃ ልኩ መሐል ላይ ሲስተካከል ገመዱ በላይኛውና በታችኛው ጫፍ ከመሬት ያለው ከፍታ ልዩነት ይለካል። ልዩነቱ 1 ሜትር ከሆነ ዳገቱ 10 በመቶ ነው። በአፈር ለሚሠራ የእግር መንገድ በአማካይ ከዚህ ባይበልጥ ይመረጣል። ሌላው የሙያው ደንብ ደግሞ የመንገዱ ዳገት መንገዱ ከሚያቋርጠው ተዳፋት ግማሽ እንዳይበልጥ የሚል ነው፤ ከበለጠ ውኃ መንገዱን ማቋረጡን ትቶ አብሮት ይወርዳል።

አሁን ስሌቱን ወደ ዳሞታ ይውሰዱት። ከተማዋ 2,000 ሜትር አካባቢ፣ የተራራው ጫፍ ደግሞ 2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። 900 ሜትር ከፍታን በ10 በመቶ ዳገት ለመውጣት 9 ኪሎ ሜትር መንገድ ያስፈልጋል። የአገሬው ሰው ግን አቋራጩን ያውቃል። መጠምዘዣው ሲበዛበት አቋርጦ ይወጣል፤ ያ አቋራጭ ደግሞ አዲስ ቦረቦር ነው። ስለዚህ ዕቅዱ የቱ ጋ እንደሚጠመዘዝ፣ የቱ ጋ የድንጋይ ደረጃ እንደሚሠራና አቋራጩ በምን እንደሚዘጋ በካርታ ላይ ማሳየት አለበት።

ተራራ ሲቆረጥ የሚመጣ ሌላ ጉዳይም አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዚሁ ክልል፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ብዙዎቹ ያለቁት የመጀመሪያውን ናዳ ሰምተው ለነፍስ አድን በወጡበት ነው። መንገዱ የሚያልፍበት ተዳፋት ላይ የመሬት ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍ ወይም በድንገት የፈለቀ ምንጭ ካለ የተዳፋቱን ሥር አያስቆርጡ፤ መስመሩ ይቀየር።

4. የውኃው መውጫ የት ነው?

መንገዱ ወደ ቁልቁለቱ በኩል በትንሹ ማዘንበል አለበት፤ ለ1 ሜትር ስፋት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል። በየተወሰነ ርቀት ደግሞ መንገዱ ጥቂት ወርዶ መልሶ እንዲነሣ ይደረጋል፤ ውኃው ጉልበት ሳያገኝ እዚያች ዝቅታ ላይ ይወጣል። ጥያቄው ወጥቶ ወዴት ይሄዳል ነው። በሰው የእንሰት ጓሮ ላይ ከተለቀቀ የመንገዱ ችግር የጎረቤት ጠብ ይሆናል፤ ባለ ጓሮውም በአንድ ሌሊት መውጫውን በአፈር ይደፍነዋል። መውጫው ሥር ድንጋይ ይደርደር፤ ዳርና ዳሩ ዴሾ ሣር ይተከልበት። ዴሾ ሥሩ አፈር ይይዛል፣ ታጭዶም ለከብት መኖ ይሆናል። ባለ መሬቱ ከሣሩ ተጠቃሚ ከሆነ ያለ ጠባቂ ይጠብቀዋል።

5. መሬቱ የማን ነው?

ወላይታ በገጠሩ ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ ከሚኖርባቸው የአገሪቱ አካባቢዎች አንዱ ነው። አንድ ሜትር ማስፋት ማለት የአንድ ቤተሰብ የጎደሬ መደብ ማለት ሊሆን ይችላል። መሬት ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅበትን ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይደነግጋል፤ በኋላም ማሻሻያ ተደርጎበታል። ግምት፣ ማስታወቂያና የካሳ ክፍያ መንገዱ ከመቆረጡ በፊት የሚያልቁ ጉዳዮች ናቸው። «ሕዝቡ ተስማምቷል» የሚል ቃለ ጉባኤ ብቻውን አይብቃዎ። መስመሩ የሚነካቸው አባወራዎችና እማወራዎች በየስማቸው የፈረሙበትን ይጠይቁ፤ በተለይ ባል የሞተባቸው ሴቶች በስብሰባው ድምፅ ውስጥ ጠፍተው እንዳይሆን።

የጋራ ደን ከሆነም ባለቤት አለው። በዚሁ በወላይታ፣ ሁምቦ ላይ ተራቁቶ የነበረው ተራራ በ1999 ዓ.ም. ገደማ በወርልድ ቪዥን ድጋፍ ተከልሎ፣ ከተቆረጡት ዛፎች ጉቶ የሚያቆጠቁጠው እየተገረዘ እንዲያድግ ተደርጓል። 2,728 ሄክታር የሚሆነው ይህ ቦታ ከካርቦን ሽያጭ ገቢ ያስገኘ ሲሆን፣ የሚያስተዳድሩት ሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው። እዚያ ዱካ ለማውጣት መጀመሪያ የሚንኳኳው በር የማኅበራቱ ነው። በዚህ አጋጣሚ መማር የሚገባው ነገር አለ፦ ተራራው ያገገመው ተጠቃሚው በወረቀት የታወቀ መብት ስለነበረው ነው። መንገድም እንደዚያው ነው።

6. ከአፈሩ ሥር ምን አለ?

በዳሞታ ደቡብ ምዕራብ ቁልቁለት፣ 2,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሞቼና ቦራጎ የተባለ የዋሻ መጠለያ ይገኛል። ተመራማሪዎች ቆፍረው ከ50 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የባልጩት መሣሪያዎች አግኝተውበታል። በወላይታ ደግሞ በካዎ (ንጉሥ) አማዶ ስም የሚጠራው ጥንታዊ የመከላከያ ካብ አለ። የተዘጋጀ ድንጋይ ክምር ለሚያይ የመንገድ ኮንትራክተር ይህ ካብ ነፃ ዕቃ ይመስለዋል። የድንጋዩ ምንጭ የት እንደሆነ በውሉ ላይ በስም ይጻፍ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ባለበት ጠብቆ እንዲያሳውቅ ያዝዛል፤ ይህን አለቃው ብቻ ሳይሆን ዶማ የያዘው ሠራተኛም ይወቀው።

7. ሐይቁ እስከ የት ይደርሳል?

አባያ ከጣና ቀጥሎ በስፋት የአገሪቱ ሁለተኛ ሐይቅ ነው። ብላቴን የመሳሰሉ ወንዞች በሚያመጡት ደለል ምክንያት ውኃው ቀላ ያለ ነው። ዳርቻው በብዙ ቦታ ሜዳ ስለሆነ፣ ውኃው በቁመት ትንሽ ሲጨምር በስፋት ብዙ ይገፋል። ስለዚህ መስመሩ ዛሬ በሚታየው የውኃ ጠርዝ አይለካ። የአካባቢውን ሽማግሌዎች ይዘው ውኃው በሕይወት ዘመናቸው የደረሰበትን ከፍተኛ ቦታ ያስጠቁሙ፤ ቋሚው ነገር ሁሉ ከዚያ በላይ ይሁን። ከዚያ በታች የሚሠራው ቢፈርስ የማያስቆጭ የአፈር ዱካ ብቻ ነው።

ሐዋሳ ላይ ሐይቁ ከተማዋን እንዳያጥለቀልቅ የተሠራው የዳርቻ ክትር ዛሬ ሰው የሚንሸራሸርበት ሆኗል። እዚያ መንገዱ የተከተለው ክትሩን ነው። አባያ ላይ ግን ሌሎች ባለ ቤቶችም አሉ፦ አዞና ጉማሬ። ጉማሬ ማታ ለግጦሽ የሚወጣበት የታወቀ መስመር አለው፤ ያን መስመር በአጥር ወይም በመቀመጫ መዝጋት ሰው ማስገደል ነው። ዓሣ አጥማጆቹ መስመሩን ያውቁታልና አብረውዎት ይሂዱ። መንገዱም ከጀምበር መጥለቅ በኋላ እንዲዘጋ ይወሰን። አካባቢው ቆላ ስለሆነ ለሠራተኞች አጎበርና የወባ ምርመራ በበጀቱ ውስጥ ይግባ። በሐይቁ አቅራቢያ ያለውን የአበላ ቆላም ባዶ ዳርቻ አድርገው አይዩት፤ በ1960ዎቹ ዋዱ በሚባለው የእርሻ ልማት ድርጅት ዘመን ከተጣበበው ደጋ ወርደው የሰፈሩ ገበሬዎች ልጆች ያርሱታል።

8. በምን ይሠራ?

ባህር ዛፍ ርካሽ ነው፤ መሬት ውስጥ ሲቀበር ግን ምስጥና እርጥበት ቶሎ ይጨርሱታል። ልስልስ ሲሚንቶ ዳገት ላይ በዝናብ ያንሸራትታል። ገረጋንቲ ለሜዳ ጥሩ ሲሆን ቁልቁለት ላይ በመጀመሪያው ዶፍ ታጥቦ ይወርዳል። ዳገት ላይ የሚጸናው በጠርዙ ቆሞ እርስ በርሱ ተጣብቆ የተቀበረ የአካባቢው ድንጋይ ነው። ሥራው አዝጋሚ ቢሆንም ኮብልስቶን የሠሩ ወጣቶች እጅ የለመደው ነው፤ ሲፈታም ያው የሠራው ወጣት ይጠግነዋል።

9. መቼ ይጀመር?

አካባቢው በልግም ክረምትም ይዘንብበታል። ቁፋሮና የድንጋይ ሥራ ከኅዳር እስከ ጥር ይለቅ። በጥር የሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ሕዝብ ለእርከን የሚወጣበት ስለሆነ፣ ከመንገዱ በላይ ያለውን ተዳፋት በዚያው ዘመቻ ማሠራት ይቻላል። ሣሩ ዝናብ ሲጥል ይተከል። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ነው ተብሎ በግንቦትና በሰኔ የሚጣደፍ ቁፋሮ ግን ልቅ አፈሩን ለክረምቱ ጎርፍ ማስረከብ ነው።

10. ከሦስት ዓመት በኋላ ቦዩን የሚጠርገው ማን ነው?

ከሁሉም ጥያቄ የሚከብደው ይህ ነው፤ በዕቅድ ሰነድ ላይም ብዙውን ጊዜ «ኅብረተሰቡ ይንከባከበዋል» በሚል አንድ መስመር ይታለፋል። ኅብረተሰብ ስም የለውም። ስም ይጠይቁ። የመንገዱ እንክብካቤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከበልግ በፊትና ከክረምት በፊት፣ መውጫዎቹን መጥረግና የተፈቱ ድንጋዮችን መመለስ ነው። አካፋና ዶማ የያዙ ጥቂት ሰዎች የሚጨርሱት ሥራ ነው፤ ካልተሠራ ግን አንድ የተደፈነ መውጫ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

አማራጮቹን ያስቀምጡ። መንገዱ በሦስት ቀበሌ ካለፈ እያንዳንዱ ቀበሌ ከየት እስከ የት እንደሚጠርግ በድንጋይ ምልክት ይለይ። ሴፍቲኔት ባለበት ወረዳ ሥራው በማኅበረሰብ የልማት ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ ይግባ። አስጎብኚ ወጣቶች የተደራጁበት ከሆነ ከሚሰበስቡት ክፍያ የተወሰነው በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ። ገንዘብ የሚልኩት ከውጭ ከሆነ ሁሉንም በምርቃቱ ቀን አይስጡ፤ ከፍለው ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ዓመት ጥርጊያ ያቆዩ። ለጋሽ የሚመረቅ ነገር ይወዳል፤ የሚጠረግ ቦይ ላይ ስም ማጻፍ የሚፈልግ ግን ጥቂት ነው።

ውሳኔው

ከአሥሩ ጥያቄዎች ሦስቱ ወሳኝ ናቸው፦ ሁለተኛው ስለ ውኃ፣ አምስተኛው ስለ መሬት፣ አሥረኛው ስለ ጥርጊያ። ከእነዚህ አንዱ መልስ ካጣ ገንዘቡ ይቆይ። ሦስቱም ከተመለሱ ደግሞ መንገዱን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይክፈቱ። በጣም የተቦረቦረውን 200 ሜትር መርጠው ይሥሩና አንድ በልግና አንድ ክረምት ያሳልፉ። ከዚያ በመስከረም ወጥተው ሦስት ነገር ይመልከቱ፦ መውጫዎቹ ክፍት ናቸው? ሰው አሁንም ጎን ለጎን አዲስ ዱካ ያወጣል? የተባለው ሰው ሊጠርግ መጥቶ ነበር? መልሱ ደህና ከሆነ ቀሪውን ይቀጥሉ፤ ካልሆነ ያጡት የ200 ሜትር ዋጋ ብቻ ነው።