የልጅ ሳንባ እንዴት ያድጋል?

ሰው ምግብ ሳይቀምስ ብዙ ቀን ሊቆይ ይችላል። አየር ሳይስብ ግን ጥቂት ደቂቃ እንኳ አይዘልቅም። አየርን ከውጭ ተቀብሎ ለደም የሚያስረክበው የአካላችን ክፍል ሳንባ ነው። በዚህ ትምህርት የልጅ ሳንባ እንዴት እንደሚያድግ፣ እድገቱን ምን እንደሚያግዘውና ምን እንደሚያቀጭጨው እንመለከታለን።

በዓል መጥቶ በግ ሲታረድ ሳንባውን አይታችኋል። ቀላል ነው፤ ውሃ ላይ ቢጥሉት ይንሳፈፋል። የሚንሳፈፈው በዓይን የማይታዩ፣ አየር የያዙ ትንንሽ ከረጢቶች ስላሉበት ነው። የሰው ሳንባም እንዲሁ ነው። ሕፃን ሲወለድ ከረጢቶቹ በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ። በአዋቂ ሰው ግን ከ300 እስከ 500 ሚሊዮን ይደርሳሉ። አብዛኞቹ የሚጨመሩት በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ዓመታት ነው። ከዚያ በኋላም ሳንባ እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ድረስ ይጎለብታል። እኛ የምናስተምራችሁ ተማሪዎች ገና ሃያን ማለፋችን ስለሆነ፣ የሳንባችን ጉልበት ጫፍ የሚደርሰው በዚሁ ሰሞን ነው ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ በዝግታ እየቀነሰ ይሄዳል።

እንግዲህ ሳንባን እንደ ጎተራ እንየው። ልጅነት የመኸር ጊዜ ነው። በመኸር ጎተራው ያልሞላለት ገበሬ ክረምቱ ቶሎ ይከብደዋል። በልጅነቱ ሳንባው ያልዳበረለት ሰውም ዕድሜው ሲገፋ ዳገት መውጣት ቀድሞ ያቅተዋል።

የሳንባን እድገት የሚወስኑት ነገሮች ምንድን ናቸው?

አንደኛ፤ እርግዝና ነው። ሳንባ መሠራት የሚጀምረው ገና በእናት ማሕፀን ውስጥ ነው። ከረጢቶቹ እንዳይጣበቁ የሚጠብቃቸው ቅባት መሰል ነገር በበቂ የሚገኘው ግን በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ሳምንታት ነው። ስለዚህ ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ መተንፈስ ይቸግረዋል። ነፍሰ ጡር እናት በደንብ መብላት፣ ክትትል ማድረግ፣ ከጭስና ከከባድ ሸክም መራቅ አለባት። ባል አጠገቧ ሲጋራ ወይም ጋያ ባያጨስ ልጁን ጠቀመ ማለት ነው።

ሁለተኛ፤ ምግብ ነው። እንገሩ አይደፋም፤ የልጁ የመጀመሪያ መከላከያ ነው። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃል። ምግብ የጎደለው ልጅ አካሉም ሳንባው በሚገባ አያድግም፤ በሽታንም መቋቋም ያቅተዋል።

ሦስተኛ፤ በሽታ ነው። ሳንባ ምች፣ ትክትክ፣ ኩፍኝና የሳንባ ነቀርሳ ሳንባን ይጎዳሉ። ልጁ ቢድንም ጉዳቱ ሊቀር ይችላል። ክትባት ግን አለ። በአገራችን የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ዋነኛውን የሳንባ ምች ተህዋስ የሚከላከለው ክትባት ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ተጨመረ፤ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል። የኩፍኝ ክትባት በ9ኛው ወር ይጀመራል። ልጅ ሳለ ተብሎ እንጥል ማስቆረጥ ግን ደም ያፈሳል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል እንጂ ሳል አያድንም።

አራተኛ፤ ጭስ ነው። ልጅ ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ የአየር ቧንቧውም ጠባብ ነው። እናቱ እንጀራ ስትጋግር በጀርባዋ ታዝሎ የሚውል ልጅ ከእርሷ እኩል ጭስ ይስባል።

ስለዚህ ጉዳይ ስንወያይ አንዲት እናት፣ «ልጆቼ፣ ጭሱ እኮ ጣራውን ከምስጥ፣ ቤቱን ከትንኝ ይጠብቅልናል። ደግሞስ ጭስ ፈርቼ በምን ላብስል?» አሉን። እማማ ያሉት ውሸት አይደለም። እሳት ይቅር አንልም፤ ልጁ ከጭሱ ይራቅ ነው የምንለው። ቢቻል ማድቤቱ ከመኝታው ይለይ። መስኮትና ጭስ መውጫ ይበጅለት። እንጨቱም ኩበቱም በደንብ ይድረቅ። ጭስ የሚቀንስ ምድጃ ሲገኝ ከሦስት ጉልቻ ይሻላል። እናት ስትጋግር ልጁን አባት ይያዝ፤ ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። የከሰል እሳት ጭሱ ባይታይም መርዝ አለውና በተዘጋ ቤት ይዞ መተኛት ይገድላል።

ጉዳዩ የገጠር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ፣ በደቡብ ካሊፎርኒያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የተማሪዎች ሳንባ ለብዙ ዓመታት ተለክቶ ነበር። የመኪናና የፋብሪካ ጭስ በበዛባቸው ከተሞች ያደጉት 18 ዓመት ሲሞላቸው ሳንባቸው ደከም ብሎ ተገኘ። በኋላ አየሩ እየጸዳ ሲሄድ ያደጉት ልጆች ግን የተሻለ ሳንባ ነበራቸው። ጭስ ሲቀንስ ሳንባ ይጠቀማል ማለት ነው።

አሁን ቁጥር ተምራችኋልና በሥራ ላይ እናውለው። ልጅ ሲያስል፣ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ደረቱን ገልጣችሁ በሰዓት ወይም በስልክ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠሩ።

ከ2 ወር በታች፦ 60 ወይም ከዚያ በላይ፣
ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት፦ 50 ወይም ከዚያ በላይ፣
ከ1 እስከ 5 ዓመት፦ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሳንባ ምች ሊሆን ይችላል።

ሳይነጋ፣ ገበያ ሳይደርስ ሳትሉ በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት። ሲተነፍስ የጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ከደነዘዘ አንድ ሰዓት እንኳ አትቆዩ።

መልመጃ

1. ሳንባ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ለምንድን ነው?
2. የ8 ወር ሕፃን በደቂቃ 54 ጊዜ ቢተነፍስ ምን ታደርጋላችሁ?
3. በቤታችሁ እሳት ሲነድ ሕፃኑ የት ነው የሚውለው? ከጭሱ ለማራቅ ማን ምን ሊያደርግ ይችላል? ተወያዩ።
4. የትንፋሹን ቁጥር በወረቀት ገልብጣችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ማንበብ ለማይችል ጎረቤትም አንብቡለት።