ሻንጣው ገና ሳይዘጋ

ሐረር፣ ፈረስ መጋላ አደባባይ፣ ከጨለንቆ ሰማዕታት ሐውልት ማዶ፣ አንድ የማውቀው ልጅ ስልኩን እያየ ብቻውን ይስቃል። ከኋላው ባጃጅ ጡሩምባውን ይነፋል፤ እሱ ምንም አልሰማ።

«ምነው፣ ሎተሪ ደረሰህ እንዴ?» አልኩት።

«ከሎተሪም ይበልጣል ጋሼ! የኮሪያ መንግሥት ስኮላርሺፕ! ነሐሴ መጨረሻ እበራለሁ።»

መርቄው ልሄድ ነበር፤ እጄን ይዞ ወደ መኪና ግርግር ጎተተኝ። ሱሪ ሊያሳጥር ነው። የስፌት መኪና ድምፅ ስም ያወጣለት መንገድ ስለሆነ፣ ለመነጋገር ትንሽ መጮህ ነበረብን። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ወገቡን ለካ።

«ላጥብበው?»

«ይተዉት፣ እዚያ እወፍራለሁ።»

«ከእናቱ ጓዳ ርቆ ማን ይወፍራል? ይልቅ ቀጥ ብለህ ቁም!»

ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አልወስደው ብሏል። ሌሊቱን የሴኡልን መንገዶች በቪዲዮ ሲያይ ያድራል። የምድር ባቡሩን፣ የሚበላውን፣ በረዶውን ሁሉ ያውቃል። እዚያ ምሽት 12 ሰዓት ሲሆን እዚህ ገና ቀትር፣ 6 ሰዓት መሆኑን እንኳ አሰላልኝ። ፊደላቸውንስ? «እሱን እዚያ ስደርስ ያስተምሩኛል።»

ወዳጄ፣ ከዚህ ልጅ ጋር ልከራከር የፈለግኩት እዚህ ላይ ነው። አንተም ቪዛህን ይዘህ ቀን የምትቆጥር ከሆነ ስማኝ። እንቅልፍ የሚነሳህን ጉጉት አትፍራው፤ ግን አታባክነው። ጀበና የሚጣደው ከሰሉ ሲፋፋም ነው። ከሄድክ በኋላ ብርዱ፣ ናፍቆቱና ፈተናው ይጠብቁሃል፤ ያኔ ከሰሉ አመድ ለብሶ ታገኘዋለህ። በዚህ ስኮላርሺፕ አንድ ዓመት ቋንቋ ትማራለህ፤ የቋንቋ ፈተናውን ሦስተኛ ደረጃ ካላለፍክ ደግሞ ወደ ዋናው ትምህርት አትሻገርም። እንግዲህ ዛሬ በነፃ የሚነደውን እሳት ለቪዲዮ ብቻ ታውለዋለህ?

ደግሞ ማን ነህና ፊደል ያስፈራሃል! ገና በልጅነትህ 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው፣ 231 መልክ ለይተህ የወጣህ ሰው ነህ። ንጉሥ ሴጆንግ እ.ኤ.አ. በ1446 ለሕዝባቸው ያወጁት የኮሪያ ፊደል መሠረቱ 24 ነው፤ 14 ተነባቢና 10 አናባቢ። በቀን ሁለት ብታጠና በ12 ቀን አለቀ። አሠራሩም ባዳ አይሆንብህም፤ እኛ ለካዕብ ጎን ላይ እጅ እንደምንቀጥል፣ እነሱም ተነባቢውን ከአናባቢው አጣብቀው አንድ ድምፅ ያወጣሉ።

መንገዱም ቢሆን አዲስ አይደለም። ለኮሪያ ጦርነት የዘመተው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ፣ ሳምንታት ባሕር ላይ ቆይቶ ነው ፑሳን የደረሰው። በየተራው የዘመቱት 6,037 ናቸው፤ ቹንቾን ከተማ የመታሰቢያ አዳራሽ ቆሞላቸዋል። አንተ አንድ ሌሊት አውሮፕላን ውስጥ ተኝተህ ትደርሳለህ። (በርበሬውን ግን በደንብ እሰረው። ሻንጣ ውስጥ የፈነዳ በርበሬ ምን እንደሚያደርግ ከደረሰበት ሰው ጠይቅ፤ እኔን ማለቴ ነው።)

ይህን ሁሉ ስለፈልፍ ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ስልኩን ከፍቶ ፊደሎቹን ፈለገ፤ የልብስ ሰፊውን ጠመኔ አንሥቶ በጥቁር ቁራጭ ጨርቅ ላይ ጎንበስ አለ። መጀመሪያ ባርኔጣ የደፋች ክብ ጻፈ፤ «ህ» መሆኗ ነው። ጎኗ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አቁሞ ትንሽ እጅ ቀጠለላት፤ «ሃ» ሆነች። ቀጥሎ እንደ እባብ የተጠማዘዘውን «ር»፣ እሱንም እጅ ካለው መስመር ጋር። በመጨረሻ ያንኑ እባብ ደገመና፣ ከሥሩ አንድ አግድም መስመር አሰመረ።

ልብስ ሰፊው ፔዳሉን አቁሞ ከመነጽሩ በላይ ተመለከተ።

«ምን የሚሉት ጽሑፍ ነው?»

«ሐረር ነው» አለ ልጁ፣ ጣቱ በጠመኔ ነጥቶ። «ይኸው ይቁጠሩት፤ እነሱም ጋ ሦስት ነው።»